ውዝፍ የማይሆነው ቀን

ፍርድ በተሰጠ ዕለት ደንበኞች ይደውሉልኛል። «ተፈረደልን፤ በቃ፣ አለቀ» ይላሉ። እኔም እንኳን ደስ አላችሁ እላለሁ፤ የሰውን ደስታ ማደፍረስ አልወድም። መዝገቡን ግን ወደ መጋዘን አልልከውም። በልጅ ጉዳይ ፍርድ መጨረሻ ሲሆን አይቼ አላውቅም። የቤት ክርክር ቤቱ ሲሸጥ ወይም ሲካፈሉት ያከትማል። ልጅ ግን ያድጋል፤ ይታመማል፣ ትምህርት ቤት ይቀይራል፣ ጓደኛ ያፈራል፣ እምቢ ማለት ይጀምራል። ውሳኔው የተጻፈው ለሦስት ዓመት ሕፃን ነበር፤ ይፈጸም ሲባል የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ይገኛል።

ልጁ ከማን ጋር ይኑር የሚለው ክርክር የሰውን ሁሉ ጆሮ ይስባል። ዘመድ በሁለት ጎራ ይሰለፍለታል፣ ጎረቤት ይመሰክርበታል። ከዚያ በኋላ ያለው፣ ቀለቡ በየወሩ ይገባል ወይ፣ ልጁስ አብሮት ከማይኖረው ወላጁ ጋር ይገናኛል ወይ የሚለው፣ ለሁለቱ ወላጆችና ለአንድ ቀጭን የአፈጻጸም መዝገብ ይቀራል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። የቤተሰብ ጉዳይ ስከታተል በቆየሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ፦ ሕግ ገንዘብ ማስከፈል ያውቅበታል፤ ጊዜ ማስመለስ ግን አይሆንለትም።

በአንድ የአፈጻጸም ችሎት ሁለት ወላጆች የየራሳቸውን ማስታወሻ ይዘው ቀርበው ነበር። የእናትየው ባለመስመር የተማሪ ደብተር ነው። በግራ ወሩ፣ በመሐል መከፈል የነበረበት፣ በቀኝ የተከፈለው ሰፍሯል፤ ያልተከፈለበት ወር በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል፤ ከገጹ ግርጌ ድምሩ አለ። የአባትየው ኪስ የምትገባ የቀን መቁጠሪያ ናት። ልጁን ሊወስድ ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰበትን ቅዳሜ ሁሉ በእርሳስ ሰርዞታል። በአንዳንዱ ሥር «አሟታል ተባልኩ»፣ «አያቷ ዘንድ ሄዳለች ተባልኩ»፣ «ማንም አልከፈተም» የሚል ተጽፏል። ዳኛው የእናትየውን ደብተር ተቀብለው ድምሩን አዩ፣ ከባንክ መግለጫው ጋር አመሳከሩ፣ ውዝፉ ከደመወዙ እየተቆረጠ እንዲከፈል ትዕዛዝ ጻፉ። ብዙም አልፈጀባቸውም። የቀን መቁጠሪያዋን ግን አገላብጠው ለባለቤቱ መለሱና ወደ እናትየው ዞረው፣ «ወይዘሮ፣ ከእንግዲህ ውሳኔውን ያክብሩ» አሉ። ሌላ ምን ይበሉ? ያለፈ ወር ቀለብ ይደመራል፤ አንዳንድ ቦታ ወለድም ይታሰብበታል። ያለፈ ቅዳሜ ግን ውዝፍ አይሆንም።

እዚህ ላይ አንባቢ ወገን ሊመርጥ ይችላል። እኔ አልመርጥም። ሁለቱም ፍርድ ጥሰዋል፤ የሁለቱም ጥሰት ጉዳቱ ያረፈው ችሎቱ ውስጥ ባልነበረች ልጅ ላይ ነው። በነገራችን ላይ ከፋዩን አባት፣ አሳዳጊዋን እናት እያልኩ የምጽፈው በብዛት የሚያጋጥመኝ እንዲያ ስለሆነ እንጂ የምትከፍል እናትም፣ ልጁን የሚያሳድግ አባትም አለ፤ ሕጉም ለሁለቱም አንድ ነው።

ከገንዘቡ ልጀምር። የተለያዩ አገሮች ያበጁትን መሣሪያ ስመለከት ገንዘብ ለማስከፈል ያልተሞከረ ነገር ያለ አይመስለኝም። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አሜሪካ በ1975 የፌዴራሉና የክፍለ ግዛት መንግሥታት አብረው የሚያካሂዱት የልጅ ቀለብ ማስፈጸሚያ ሥርዓት ዘረጋች። ከ1994 ጀምሮ ደግሞ አዲስ የቀለብ ትዕዛዝ በመርህ ደረጃ ውዝፍ እስኪከማች ሳይጠበቅ ከደመወዝ በቀጥታ ይቆረጣል። ሌላ የሚያስተዳድረው ቤተሰብ ካለው ከተጣራ ገቢው እስከ 50 በመቶ፣ ከሌለው እስከ 60 በመቶ ሊያዝበት ይችላል፤ ከ12 ሳምንት በላይ የቆየ ውዝፍ ካለበት በሁለቱም ላይ 5 በመቶ ይጨመራል። ውዝፉ ከ2,500 ዶላር ካለፈ ፓስፖርት ይከለከላል። መንጃ ፈቃድ እስከ ማገድም ይደረሳል፤ እኔ በግሌ ይህ አይገባኝም፤ ሾፌር ሆኖ የሚከፍለውን ሰው መንጃ ፈቃድ ወስዶ ክፈል ማለት የምንጩን አፍ ደፍኖ ውኃ እንደ መጠየቅ ነው።

ፈረንሳይ ከሁለት ወር በላይ ቀለብ አለመክፈልን ወንጀል አድርጋ እስከ ሁለት ዓመት እስራትና 15,000 ዩሮ መቀጮ ደንግጋለች። ብራዚል በ1988 ሕገ መንግሥቷ ሰው በዕዳ ምክንያት እንዳይታሰር ስትከለክል፣ ፈልጎና ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ ያልከፈለውን ከዚህ ጥበቃ ውጭ አድርጋዋለች፤ ዳኛው ከአንድ እስከ ሦስት ወር ሊያሳስረው ይችላል። እስራቱን ጨርሶ ቢወጣም ዕዳው አይሰረዝለትም።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ የሚያመልጠው ማን ነው? ደመወዝተኛው አይደለም። እሱ ቢፈልግም አያመልጥም፤ ገና ሳይነካው ይቆረጥበታል። የሚያመልጠው ንግዱ በወንድሙ፣ መኪናው በእናቱ ስም የተመዘገበው ነው። ችሎት ፊት ቆሞ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሥራ ፈት ነኝ፤ ዘመድ ነው የሚያኖረኝ» ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥመኝ ገቢውን መፈለግ ትቼ ወጪውን እፈልጋለሁ። የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል? ባለፈው ዓመት የት የት ተጓዘ? የአዲሱ ትዳሩ ልጆች የሚማሩት የት ነው? ብዙ የሕግ ሥርዓቶች ዳኛው ሰውየው አገኛለሁ ያለውን ብቻ ሳይሆን በሙያውና በአቅሙ ሊያገኝ የሚችለውን ገምቶ ቀለብ እንዲቆርጥ ይፈቅዳሉ። ወጪ ደግሞ ከገቢ ይልቅ ለመደበቅ ያስቸግራል፤ ሰው ገንዘቡን ይሸሽጋል እንጂ ኑሮውን መሸሸግ አይሆንለትም።

በሌላው ጫፍ በእውነት የሌለው ሰው አለ። አለመፈለግና አለመቻል በመዝገብ ላይ አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም የሚታዩት ባዶ ሆኖ በቀረ ወር ነው። በአሜሪካ በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያየው ጉዳይ ይህንኑ ይመለከታል። አንድ የሳውዝ ካሮላይና አባት ቀለብ ባለመክፈሉ ችሎት ደፍሯል ተብሎ ለአንድ ዓመት ታሰረ፤ ጠበቃ አልነበረውም፤ መክፈል ይችል እንደሆነም ዳኛው በግልጽ አላረጋገጠም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በተለይ ጠያቂዋም ጠበቃ በሌላት ጊዜ፣ መንግሥት የግድ ጠበቃ ያቁምለት አላለም። ነገር ግን የመክፈል አቅሙ ዋናው ጭብጥ መሆኑ እንዲነገረው፣ ገቢና ወጪውን የሚሞላበት ቅጽ እንዲሰጠው፣ መልስ እንዲሰጥ ዕድል እንዲያገኝና ዳኛው ስለ አቅሙ ቁርጥ ያለ ድምዳሜ እንዲጽፍ ያስፈልግ ነበር ብሎ ውሳኔውን ሻረው። የሌለውን ሰው ማሰር ለልጁ አንድ ሳንቲም አያመጣለትም፤ አባትየውን ግን ያሳጣዋል።

ሥራ የሚያጣ ከፋይ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ደግሞ አለ፤ በየጊዜው ብናገረውም የሚሰማኝ ጥቂት ነው። የቀለብ ትዕዛዝ በራሱ አይቀንስም። ሥራ ለቀቅኩ፣ ታመምኩ፣ ከስሬያለሁ ብሎ መክፈል ማቆም ትዕዛዙን አያሻሽለውም። በአሜሪካ በ1986 የወጣ ሕግ ቀኑ ያለፈ ቀለብ እንደ ማንኛውም ፍርድ የሚቆጠር መሆኑንና ወደ ኋላ ተመልሶ ሊቀነስ እንደማይችል ይደነግጋል፤ ማሻሻያው የሚሠራው አቤቱታው ቀርቦ ለሌላው ወገን ከደረሰበት ጊዜ ወዲህ ላለው ብቻ ነው። ሕጉ እንዲህ ባልጠበቀበት ቦታ እንኳ ዳኛ ፊት «ከዓመት በፊት ሥራ አጥቼ ነበር» ብሎ መቅረብና ሥራ ባጡበት ወር ማመልከቻ ማስገባት ፈጽሞ አይገናኙም። ሰዎች ግን ያፍራሉ። ነገ አገኛለሁ፣ ከነገ ወዲያ እከፍላለሁ ሲሉ ውዝፉ ከሚችሉት በላይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ከልጁም ይሸሻሉ። የተወዘፈበት አባት የልጁን ትምህርት ቤት ደጃፍ እንኳ አያልፍም።

እናትየው በዚህ ሁሉ መሐል ምን ትብላ ለሚለው ጥያቄ ካየኋቸው መልሶች የሚያስደስተኝ የጀርመንና የስዊድን ነው። ስዊድን ከ1937 ጀምሮ፣ ጀርመን ደግሞ ከ1980 ጀምሮ፣ ወላጁ ካልከፈለ መንግሥት ለልጁ አስቀድሞ እየከፈለ ከዚያ ባለዕዳውን ራሱ የሚያሳድድበት ሥርዓት አላቸው። ጀርመን በ2017 ባደረገችው ማሻሻያ የክፍያውን የጊዜ ገደብ አንሥታ እስከ 18 ዓመት አድርሳዋለች፤ ከ12 ዓመት በላይ ላሉት ተጨማሪ መስፈርት ቢኖረውም። ገንዘቡ ብዙ አይደለም። ጥቅሙ ግን ከገንዘቡ ይበልጣል፤ እናትየዋን ከአበዳሪነት ያወጣታል። በየወሩ እየደወለች «ላክ እንጂ» የምትል ሴትና ስልኩን የማያነሣ ወንድ ቅዳሜ ጠዋት በር ላይ ሲገናኙ ስለ ልጃቸው በሰላም ሊነጋገሩ አይችሉም። ዕዳው በመንግሥትና በሰውየው መካከል ሲሆን በሩ ትንሽ ይላላል።

አሁን ወደ ቅዳሜው።

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በ1989 ሲጸድቅ አንቀጽ 9 ላይ ከወላጁ ተለይቶ የሚኖር ልጅ ጥቅሙን የሚጎዳ ካልሆነ በስተቀር ከሁለቱም ወላጆቹ ጋር በቋሚነት የመገናኘት መብት እንዳለው ደነገገ። መብቱ የልጁ ተብሎ ነው የተጻፈው። አንቀጽ 27 ደግሞ መንግሥታት ቀለብን ከወላጅ ለማስከፈል፣ ወላጁ ውጭ አገር ቢሆንም እንኳ፣ ተገቢውን ሁሉ እንዲያደርጉ ያዛል። ሁለቱም በአንድ ሰነድ፣ ለአንድ ባለመብት የተሰጡ ናቸው። በተግባር ግን አንቀጽ 27 ቀጣሪና ባንክ አለው፤ አንቀጽ 9 ያለው በር ብቻ ነው።

ፈረንሳይ ልጁን ለማገናኘት እምቢ ያለውን ወላጅም በወንጀል ትከሳለች፤ ቅጣቱ እስከ አንድ ዓመት እስራትና 15,000 ዩሮ ነው። በወረቀት ላይ ከቀለቡ ብዙም አይርቅም። ነገር ግን ደመወዝ ሲቆረጥ ልጁ አያይም፤ ልጅ ከእናቱ ቤት በፖሊስ ሲወጣ ግን ልጁ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ዳኞች ያመነታሉ፤ ማመንታታቸውንም አልነቅፍም። ችግሩ እነሱ ሲያመነቱ ጊዜው ለአንዱ ወገን መሥራቱ ነው። በ1994 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በፊንላንድ ላይ የሰጠው ውሳኔ ይህንን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እናት ትሞታለች፤ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ለጊዜው ብላ ወደ እናቷ ወላጆች ትሄዳለች። አባት ልጄን ስጡኝ ይላል፤ አያቶች እምቢ ይላሉ። ፍርድ ቤቶቹ ለአባትየው ይፈርዳሉ፤ መቀጮም ይጣላል፤ የሚፈጽመው ግን ይጠፋል። ዓመታት ያልፋሉ። በመጨረሻ የአገሪቱ ፍርድ ቤት ልጅቷ ከአያቶቿ ጋር ሥር ሰዳለች ብሎ አሳዳጊነቱን ለእነሱ ያስተላልፋል። የአውሮፓው ፍርድ ቤት፣ መንግሥት አባትየው ልጁን እንዲያገኝ የተሰጠውን ትዕዛዝ ባለማስፈጸሙ የቤተሰብ ሕይወት መብቱን ጥሷል አለ። አሳዳጊነቱ ወደ አያቶች መተላለፉን ግን ጥሰት አላለውም፤ በዚያን ጊዜ ልጅቷን ነቅሎ ማውጣት ለእሷ አይበጅምና። ሁለቱም ድምዳሜ ትክክል ይመስለኛል። አንድ ላይ ሲነበቡ ግን ያስፈራሉ፦ ትዕዛዝ የጣሰ ሰው በቂ ጊዜ ከጣሰ፣ ጥሰቱ ራሱ ማስረጃ ይሆንለታል።

ይህን ለመከላከል ከተሞከሩት አንዱ የማካካሻ ቀን ነው። በአሜሪካ የሚሺጋን ክፍለ ግዛት በ1982 ባወጣችው የማስፈጸሚያ ሕግ፣ ያለ አግባብ የተከለከለ ቀን በሌላ ቀን እንዲተካ መመሪያ ይዘጋጃል፤ የሚተካውም ቀን በዓይነቱ ከጠፋው ጋር የሚመሳሰል ይሆናል። የበዓል ቀን በበዓል፣ የሳምንት መጨረሻ በሳምንት መጨረሻ። ፍጹም አይደለም፤ የልደት ቀን በሌላ ቀን አይተካም። ቢያንስ ግን ቀኑን የሚቆጠር ነገር ያደርገዋል። የዚያ አባት የቀን መቁጠሪያ እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ማስረጃ በሆነች ነበር።

በር የምትዘጋ እናት ሁሉ ግን ክፉ አይደለችም፤ ይህን ሳልል ማለፍ አልችልም። የምትፈራ አለች፤ የሚያስፈራት ነገርም በእርግጥ ያለ ሊሆን ይችላል። ልጁ ሲመለስ ሰውነቱ ላይ ምልክት ያየች፣ አባትየው ጠጥቶ ሲነዳ ያየች፣ ትናንት የመታት ሰው ዛሬ «ልጄን ላይ መጣሁ» ብሎ በሯ ላይ የቆመባት ሴት አለች። ለእንዲህ ያለው ሕጉ ሌላ መንገድ ያበጃል፤ ግንኙነቱ በሦስተኛ ሰው ፊት እንዲሆን፣ ልጁ በገለልተኛ ቦታ እንዲሰጥና እንዲመለስ፣ ጥቂት ሰዓት ብቻ እንዲሆን፣ ወይም ጭራሹን እንዲታገድ ማድረግ ይቻላል። እኔ የምለው፣ አጣዳፊ አደጋ ካለ መጀመሪያ ልጁን ታደጊ፣ በማግስቱ ግን አቤቱታሽን አስገቢ ነው። ያለ ትዕዛዝ በገዛ እጇ የምትዘጋው በር ከወር በኋላ እሷኑ ጥፋተኛ ያስመስላታል፤ የፍርሃቷም እውነት በእልህ ተሸፍኖ ይቀራል።

ይህንን ሁሉ የሚያበላሸው ግን ብድር መመላለሱ ነው። «ቀለብ ካልከፈለ ልጁን አያይም።» «ልጁን ካላሳየችኝ ሳንቲም አልሰጥም።» ሁለቱንም አረፍተ ነገሮች ያልሰማሁበት ሳምንት የለም። የሚናገሯቸው ሰዎች ክፉ አይደሉም፤ በገበያ ሕግ ቢሄዱ ትክክል ናቸው፤ ያልከፈሉበትን ዕቃ ማንም አይሰጥም። እዚህ ግን አበዳሪው ከሁለቱ አንዳቸውም አይደሉም። ቀለቡም የልጁ፣ ቅዳሜውም የልጁ ነው። አባትየው ቀለብ ሲያቋርጥ እናትየዋን የሚቀጣ ይመስለዋል፤ የሚቀንሰው ግን የልጁ ወተት ነው። እሷም አባትየውን ስትቀጣ የምትወስደው የልጁን አባት ነው። በአብዛኛው የሕግ ሥርዓትም የአንዱ ትዕዛዝ መጣስ ለሌላኛው መጣስ መከላከያ አይሆንም፤ ሁለቱ በየራሳቸው አቤቱታ፣ አንዳንዴም በየራሳቸው መዝገብ ነው የሚታዩት።

እዚህ ላይ ሕጉን እንዳለ ባወድሰው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሕጉ ራሱ በሌላ በር ሁለቱን መልሶ ያገናኛቸዋል፤ በቀለብ ስሌቱ። ብዙ ቦታ ቀለብ የሚቆረጠው በቀመር ነው። የአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ለምሳሌ ከከፋዩ ገቢ ለአንድ ልጅ 17 በመቶ፣ ለሁለት 25፣ ለሦስት 29፣ ለአራት 31፣ ለአምስትና ከዚያ በላይ 34 በመቶ ትወስዳለች። ሌሎች የሁለቱን ወላጆች ገቢ ደምረው እንደየድርሻቸው ያከፋፍላሉ። ቀመር መኖሩ መልካም ነው፤ ከዳኛ ዳኛ የሚለያይ ግምትን ያስቀራል። ነገር ግን ልጁ ከእያንዳንዱ ወላጅ ጋር ከዓመቱ ቢያንስ 25 በመቶውን፣ ማለትም 92 ቀን ያህል፣ የሚያሳልፍ ከሆነ ዊስኮንሲን ሌላ ስሌት ትጠቀማለች፤ በዚያም ከፋዩ ባብዛኛው የሚቀነስለት ይሆናል። ተገቢ ነው፤ ልጁ እሱ ቤት ሲያድር የሚበላው ከእሱ ነውና። ግን ውጤቱን አስቡት። ቀድሞ «ልጄን ልይ» ይል የነበረ አባት «92ኛዋን ሌሊት ስጡኝ» ይላል፤ እናትየዋም 91ኛው ላይ ትቆማለች። ሌሊቱ ዋጋ ይወጣለታል። እኔ ከእንዲህ ያለ ድርድር ስወጣ ሁልጊዜ ይደክመኛል፤ የልጁን ስም እየጠራን የቆየን ይመስለናል፤ ስናወራ የዋልነው ግን ስለ ገንዘቡ ልዩነት ነው። ቁጥሩ በአንዲት ሌሊት ከሚገለበጥ ደረጃ በደረጃ ቢወርድ ይሻል ነበር፤ እንዲያ የሚያደርጉ ቀመሮችም አሉ።

አሳዳጊነቱ ራሱ ከብዙ ዘመን ክርክር የመጣ ነው። በእንግሊዝ እስከ 1839 ድረስ ልጅ የአባት ነበር፤ በቃ። ካሮላይን ኖርተን የተባለች ጸሐፊት ባሏ ልጆቿን ከወሰደባት በኋላ ባደረገችው ዘመቻ የወጣው ሕግ፣ እናት ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆቿን የማሳደግና ትልልቆቹን የመጎብኘት ጥያቄ ለፍርድ ቤት እንድታቀርብ ፈቀደ፤ በዝሙት የተፈረደባት ካልሆነች። ከዚያ ሚዛኑ ተገልብጦ ሕፃን የእናቱ ነው ተባለ፤ ከዚያም የልጁ ጥቅም የሚለው መለኪያ ሁለቱንም ተካ። አሁን ዘመኑ የጋራ አሳዳጊነት ነው። ከፍቺ በኋላ አሳዳጊነት ለአንድ ወላጅ ብቻ እንዲሰጥ ታዝ የነበረችው ጃፓን እንኳ በ2024 የፍትሐ ብሔር ሕጓን አሻሽላ የጋራውን ፈቅዳለች። ጥሩ ነው እላለሁ፤ መርህ ሲሆን እንጂ ግዴታ ሲሆን አይደለም። በሥልክ ሰላም የማይባባሉ ሰዎች ልጁ ጥርሱን የት ይታከም የሚለውን በጋራ እንዲወስኑ ማዘዝ ልጁን ጥርሱን እንደታመመ ማቆየት ነው።

ልጁስ ምን ይላል? የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 12 የራሱን ሐሳብ መመሥረት የሚችል ልጅ በሚነካው ጉዳይ እንዲሰማ፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና ብስለቱ ክብደት እንዲሰጠው ይላል። መስማት ማለት ግን «ማንን ትመርጫለሽ?» ብሎ መጠየቅ አይደለም። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው አንድ ወላጅ እንድትክድ እየጠየቃት ነው። አንዲት የማከብራቸው ዳኛ ልጆችን በቢሯቸው ለብቻ ሲያነጋግሩ የሚጠይቁት ሌላ ነበር፤ ጠዋት ማን ይቀሰቅስሻል? የቤት ሥራ ሲያቅትሽ ማንን ትጠይቂያለሽ? አባትሽ ጋ ስትሄጂ ቦርሳሽን ማን ያዘጋጅልሻል? ከመልሱ ውስጥ ኑሮው ይወጣል። ቦርሳዋን ራሷ ከዋዜማው ጀምራ የምታዘጋጅ ልጅ መሄድ እንደምትፈልግ ለመረዳት ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም።

አንዱ ወላጅ ልጁን ይዞ ድንበር ከተሻገረ ነገሩ ሁሉ ሌላ መልክ ይይዛል። በ1980 የተፈረመው የሄግ ስምምነት ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አግባብ ከመኖሪያ አገሩ ከተወሰደ ወደዚያው እንዲመለስ ያዛል፤ አሳዳጊው ማን ይሁን የሚለውን የዚያው አገር ፍርድ ቤት እንዲወስን። ማመልከቻው ቀርቦ በስድስት ሳምንት ውስጥ ካልተወሰነ ጠያቂው የመዘግየቱን ምክንያት የመጠየቅ መብት አለው። ልጁ ከተወሰደ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ የሚያመለክት ግን ልጁ በአዲሱ ቦታ ተደላድሏል የሚል መከላከያ ይገጥመዋል። እዚህም ሰዓቱ የሚሠራው ለወሰደው ነው። ስምምነቱ የሚሠራው ደግሞ ሁለቱም አገሮች አባል ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ከመጓዙ በፊት ይጣራ።

እንግዲህ እኔ በእጄ ያለው የረቂቅ ብዕር ነው። የስምምነት ረቂቅ ሳዘጋጅ «አባት በሚመቸው ጊዜ ልጁን መጎብኘት ይችላል» የሚል መስመር አላሳልፍም። ለሚዋደዱ ሰዎች ይበቃል፤ የሚዋደዱ ግን እኔ ዘንድ አይመጡም። ቀኑና ሰዓቱ ይጻፋል። ማን ያደርሳል፣ ማን ይመልሳል፣ ሰላሳ ደቂቃ ቢዘገይ ምን ይሆናል? ልጁ ቢታመም ቀኑ ወዴት ይሸጋገራል፤ ሕመሙስ በምን ይረጋገጣል? በሌላው ሳምንት በስልክ የሚገናኙት በስንት ሰዓት ነው? ቀለቡ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው የባንክ ሒሳብ ይገባል? በእጅ የተሰጠ ጫማና ልብስ ከቀለብ ይታሰባል ወይስ ስጦታ ነው? ሥራ የለቀቀ ሰው በስንት ቀን ውስጥ ያሳውቃል? የተከለከለ ቀን በሚቀጥሉት ሳምንታት በየትኛው ይተካል?

በቅርቡ አንድ ባልና ሚስት የነበሩ ሰዎች ይህን ረቂቅ ከፊታቸው አድርጌ ተቀምጠው ነበር። አባትየው የሕመሙን አንቀጽ ሲያነብ ሳቅ አለ። «እህቴ፣ ይህን ያህል አንተማመንም እንዴ?» አለኝ። እናትየው አልሳቀችም። «እኔ ግን ደስ ብሎኛል» አለች፤ «ሲያመው እየደወልኩ ከመማል ይሻለኛል።» የሕክምና ማስረጃ የሚለውን አስቀርተን የሙቀት መለኪያው ፎቶግራፍ ይበቃል በሚል ተስማሙ። የባንክ ሒሳቡ ላይ ችግር አልነበረም። የማካካሻው ቀን ላይ ጥቂት ተከራክረው በሦስት ሳምንት ውስጥ እንዲሆን ጻፍን። የረጅሙን የትምህርት ቤት ዕረፍት ክፍፍል ግን ሊጨርሱት አልቻሉም፤ ለሚቀጥለው ቀጠሮ አስተላልፈነዋል።